የ9 ዓመት ልጄ የደም ግፊት አለበት ተባልኩ፤ ልጅ ላይ ይሄ ነገር ከየት ይመጣል?

የልጅ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ሊገባ ነውና የጤና ምርመራ ያስፈልገዋል ተብሎ ይዤው ሄድኩ። ነርሷ ግፊቱን ለካች፤ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ደግማ ለካች። 124/78። «ከሳምንት በኋላ ይዘሽው ነይ» ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። ከዚያ ውጭ ምንም አላለችኝም።

ልጁ ቀጭን ነው። ሲሮጥ ነው የሚውለው። አሞኛል ብሎም አያውቅም። እናቴ ግፊት አለባት፣ ግን የጀመራት ካረጀች በኋላ ነው። ግፊት የትልቅ ሰው በሽታ አይደለም እንዴ? ደግሞስ 124 ያን ያህል የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው? የምታውቁ ካላችሁ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ንገሩኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጡረተኛው

ልጄ፣ አትደንግጪ። እኔ ከግፊት ጋር ስንት ዘመን ኖሬያለሁ፣ ይኸው አለሁ። ነገሩ ጨው ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ጨው ቀንሺለት። አልወርድ ካለ እኔ የምውጠው ኪኒን አለ፣ ግማሹ ለልጅ ይበቃል።

የሌሊት ተረኛ

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምለው፣ ኪኒኑ ይቅር! የትልቅ ሰው የግፊት መድኃኒት ለሁለት ተከፍሎ ለልጅ አይሰጥም። የልጅ መድኃኒት በኪሎው ተሰልቶ ነው የሚታዘዘው። አንዳንዱን ደግሞ የኩላሊቱ ነገር ሳይታወቅ መስጠት ራሱ ጉዳት አለው።

እህቴ፣ እኔ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ምክንያት ከመፈለግሽ በፊት ልኬቱ ትክክል መሆኑን አጣሪ። መጀመሪያ የማየው ካፉን ነው፣ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ማለቴ ነው። ለልጁ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ከሰፋ ዝቅ ያደርገዋል። በውስጡ ያለው አየር የሚሞላ ከረጢት ወርዱ ቢያንስ የክንዱን ዙሪያ 40 ከመቶ፣ ርዝመቱ ደግሞ ከ80 እስከ 100 ከመቶ መሆን አለበት። ብዙ ቦታ ያለው ግን አንድ የትልቅ ሰውና አንድ የሕፃን ካፍ ብቻ ነው። የ9 ዓመት ልጅ ሁለቱ መሃል ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ አቀማመጡ። ልጆችን ከፍ ያለ አልጋ ጫፍ ላይ አስቀምጠን እግራቸው ተንጠልጥሎ፣ ጀርባቸው ሳይደገፍ፣ ከእናታቸው ጋር እያወሩ የምንለካበት ጊዜ ብዙ ነው። ይሄ ሁሉ ቁጥሩን ይጨምራል። ሽንቱ የመጣበት ልጅም እንደዚያው። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ ቀኝ ክንዱ ራቁቱን ሆኖ በልቡ ትክክል ይረፍ። ማሽኑ ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየ በጆሮ፣ በማዳመጫ መደገም አለበት።

124ን በተመለከተ፦ ለትልቅ ሰው ትንሽ ከፍ ያለ ነው ይባላል እንጂ ግፊት አይባልም። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት የሚነበብ ሠንጠረዥ አለ። በፍጥነት ለማጣራት በሚያገለግለው አጭር ሠንጠረዥ ለ9 ዓመት ወንድ ልጅ 107/70 ከደረሰ «በደንብ ይታይ» ይባላል። ስለዚህ ነርሷ ደግማ መለካቷም፣ መቅጠሯም ልክ ነው። አለማስረዳቷ ነው የከፋው። ግፊት አለበት ለማለት ደግሞ በሦስት የተለያዩ ቀጠሮዎች ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ገና አንድ ቀን ነው የተለካው፣ አይዞሽ።

ቢራቢሮ

የኔን ልንገርሽ። ልጄ ገና አንደኛ ክፍል ነበረች። ጉሮሮዋን አሟት ዳነች። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ጠዋት ስትነሳ ዓይኖቿ ሥር ያብጥ ጀመር። እንቅልፍ ነው ብዬ ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ይጎድላል፣ ጠዋት ይመለሳል። ከዚያ ሽንቷ ቡናማ ሆነ። ሐኪም ጋ ስንደርስ ግፊቷ ሰማይ ነክቷል።

ጉሮሮዋን ያመማት ባክቴሪያ ኩላሊቷን አስቆጥቶት ነው አሉን። ባክቴሪያው ራሱ ኩላሊት ውስጥ ገብቶ አይደለም፤ ሰውነቷ እሱን ለመከላከል ያመረተው ነገር የኩላሊቷን ማጣሪያ አቆሰለው። ኩላሊት ውኃና ጨው ማስወጣት ሲያቅተው ፊት ያብጣል፣ ግፊት ይወጣል። በቆዳ ቁስል ምክንያትም ይመጣል ብለውናል፣ ያኔ እንዲያውም ዘግየት ብሎ ነው። እሷ ተኝታ ታክማ ዳነች፤ ግፊቷም ከኩላሊቷ ጋር አብሮ ተስተካከለ። ስለዚህ ፊቱን ጠዋት ጠዋት እይው፣ የሽንቱን ቀለምም ጠይቂው። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ ስለ ሽንቱ ለእናቱ በራሱ አይናገርም።

ተረኛ ያልሆነ ሐኪም

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ልጁን ሳላይ ምርመራ አልሰጥም፤ ግን ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ ላብራራው።

ልጅ ላይ ግፊት ሲገኝ እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው «በምን እናውርደው?» ሳይሆን «ከየት መጣ?» ብለን ነው። አቅጣጫ የሚሰጡን ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ዕድሜውና የቁጥሩ ከፍታ። ልጁ ትንሽ በሆነ ቁጥር፣ ቁጥሩም ከፍ ባለ ቁጥር፣ ከኋላ ሌላ በሽታ የመኖሩ ዕድል ይጨምራል። ከ6 ዓመት በታች ከሆነ በደንብ እንፈልጋለን። ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይ ክብደት ካለውና ወላጆቹ ግፊት ካለባቸው፣ እንደ ትልቅ ሰው ያለ ግልጽ መነሻ የሌለው ግፊት መሆኑ ይበዛል። ያንቺ ልጅ መሃል ላይ ነው፤ ቀጭን መሆኑ ደግሞ እኔን እንዳስብ ያደርገኛል።

ከኋላ ያለ በሽታ ካልን ቀዳሚው ኩላሊት ነው። ቢራቢሮ የጻፈችው አንዱ ነው። ሌላው ሲወለድ ጀምሮ የተፈጠረ ጉድለት ነው፦ አንድ ኩላሊት ብቻ መኖር፣ ያላደገ ኩላሊት፣ ውኃ የቋጠረ ኩላሊት። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚታለፈው በሕፃንነት የተደጋገመ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ነው። ሽንት ከፊኛ ወደ ኋላ እየተመለሰ ኩላሊቱን ያጠቃል፣ ጠባሳ ይተዋል። ትኩሳቱ ይረሳል፣ ጠባሳው ግን ከዓመታት በኋላ በግፊት መልክ ይመጣል።

ወደ ኩላሊት የሚሄደው የደም ቧንቧ መጥበብም አለ። ኩላሊቱ የሚደርሰው ደም ሲያንሰው የመላ ሰውነቱ ግፊት የወረደ ይመስለዋል። ሬኒን የሚባል ነገር ይለቃል፣ ቧንቧዎች ይኮማተራሉ፣ ጨውና ውኃ ይያዛል። ግፊቱ ይወጣል። ኩላሊቱ ግን በጠበበው ቧንቧ ምክንያት አሁንም ስለሚያንሰው መልቀቁን አያቆምም። እንዲህ ያለ ግፊት በጣም ከፍ ይላል፣ መድኃኒትም ቶሎ አይመልሰውም።

ሆርሞን ነክ ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ ባጭሩ ልለፋቸው። ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ ችግር፣ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት። ፊቱ በድንገት እየቀላ ወይም እየገረጣ፣ እያላበው፣ ልቡ እየመታ የሚመጣና የሚሄድ ግፊት ያለበት ልጅ ካለ ለሐኪሙ ይነገር።

እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ልጁ ሲወለድ ጊዜውን ጨርሶ ነው? ስንት ኪሎ ነበር? ሕፃን እያለ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ነበረበት?

አልሸነፍም ባይ

ይቅርታ፣ ግን እኔ አልገባኝም። ድሮ ማን ልጅ ግፊት ይለካ ነበር? ሁላችንም አድገናል። ልጅ ነጭ ጋውን ሲያይ ይፈራል፣ ልቡ ይመታል፣ ቁጥሩ ይወጣል። አሁን እናትየዋን እንቅልፍ አሳጡ፣ ነገ ደግሞ መድኃኒት ያስጀምሩታል።

ተረኛ ያልሆነ ሐኪም

ስለ ፍርሃቱ ልክ ነህ፣ ወንድሜ። ነጭ ጋውን ሲያይ ብቻ የሚወጣ ግፊት አለ፣ ልጆች ላይም ብዙ ነው። ለዚህ ነው በአንድ ቀን ልኬት የማይወሰነው። ለ24 ሰዓት ክንድ ላይ ታስሮ፣ ልጁ ሲጫወትም ሲተኛም በየጊዜው የሚለካ መሣሪያ አለ። በፍርሃት የወጣ ከሆነ ቤት ሲገባ ይወርዳል፣ መዝገቡ ያሳያል። ግልባጩም አለ፦ ክሊኒክ ውስጥ ደህና ሆኖ ቤት ሲገባ የሚወጣ። እሱን ካልለካን አናገኘውም።

«ድሮ ማን ይለካ ነበር» ላልከው፣ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ስለ ልጆች ግፊት የመጀመሪያው የባለሙያዎች ሪፖርት የወጣው በ1977 (እ.ኤ.አ.) ነው። አሁን ብዙዎቻችን የምንከተለው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የ2017 መመሪያ ከ3 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ይለካ ይላል። የኩላሊት ችግር፣ ስኳር ወይም ከልክ ያለፈ ክብደት ያለበት ልጅ ደግሞ ሐኪም ጋ በሄደ ቁጥር። እዚያው መመሪያ ላይ ከ100 ልጆች 3 ወይም 4 የሚሆኑት ግፊት እንዳለባቸው ተጽፏል። ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም። ልባቸው ግን ሳይሰማቸውም ይወፍራል፣ የግራ ክፍሉ ግድግዳ። እሱን በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ እናየዋለን።

የልጅ እናት

ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። ጥያቄዎን ሳነብ ልቤ ወደቀ። ልጄ በ31 ሳምንቱ ነው የተወለደው። 1 ኪሎ ተኩል ነበር። ሙቀት ክፍል ቆይቷል፣ እምብርቱ ላይም ቀጭን ቱቦ ነበረው። ትኩሳት ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ደጋግሞ ይዞት ነበር፤ ጥርስ ነው እየተባለ ታለፈ። ይሄ ሁሉ ከአሁኑ ጋር ይገናኛል? ለነርሷ አልነገርኳትም፣ አልጠየቀችኝማ።

ተረኛ ያልሆነ ሐኪም

ሊገናኝ ይችላል። አንድ በአንድ ልንገርሽ።

ኩላሊት ውስጥ ደም የሚያጣሩ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፣ ኔፍሮን ይባላሉ። በአንድ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ 1 ሚሊዮን ገደማ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ነው፤ በ36ኛው ሳምንት ገደማ ሥራው ያልቃል። ከዚያ በኋላ አዲስ አይጨመርም። በ31 ሳምንት የተወለደ ልጅ በጥቂት ኔፍሮን ሊቀር ይችላል። የ10 ሰው ሥራ ለ6 ሰው ተሰጥቶ አስቢው፤ ሥራው ይሠራል፣ ግን እያንዳንዱ ላይ ጫናው ይበዛል። ልጁ ሲያድግ፣ ሰውነቱ ሲሰፋ፣ ጫናው በግፊት መልክ ሊታይ ይችላል። ጊዜውን ጨርሶ ግን በጣም ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅም ተመሳሳይ ነው።

የእምብርቱ ቱቦ ሁለት ዓይነት ነው። በደም መልስ (ደም ወደ ልብ በሚመልሰው ቧንቧ) የሚገባ አለ፣ በደም ቅዳ (ደም ከልብ በሚያወጣው) የሚገባ አለ። በደም ቅዳ የገባው አልፎ አልፎ ጫፉ ላይ ደም ይረጋና ወደ ኩላሊት ቧንቧ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያኔውኑ፣ በሕፃንነቱ ነው የሚታየው። ቢሆንም የመውጫ ወረቀቱ ካለሽ ይዘሽ ሂጂ። ትኩሳቱንም ንገሪያቸው። ከ32 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ እንዲያውም 3 ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ግፊቱ መለካት ነበረበት፤ ይሄን ለወላጅ መንገር የእኛ የሐኪሞቹ ሥራ ነው፣ ራስሽን አትውቀሺ።

የጎረምሳ አባት

እዚሁ ልለጥፍ፣ አዲስ ክር ከምከፍት። የኔው 14 ዓመቱ ነው፣ ወፍራም ነው። 138/74 አሉን። ሲያንኮራፋ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። ክፍል ውስጥ ይተኛል ብለው ከትምህርት ቤት ይደውሉልኛል። ኢነርጂ ድሪንክም ይጠጣል፣ እንቅልፉን ለማባረር ብሎ። እኔና እናቱ ሁለታችንም ግፊት አለብን። በዘር ነው ብዬ ልተወው ወይስ?

የሌሊት ተረኛ

ኧረ እንዳትተወው ወንድሜ! ሰው ሲያንኮራፋ «ደህና ተኛ» እንላለን፣ ግን አይደለም። እስቲ ዛሬ ሌሊት ገብተህ እየው። ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ ብሎ፣ ደረቱ እየተንቀሳቀሰ አየር ሳይገባ ቆይቶ፣ ከዚያ ትንፍስ ብሎ የሚነቃ ከሆነ እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ እየተቋረጠ ነው። ትንፋሽ በተቋረጠ ቁጥር ኦክስጅን ይወርዳል፣ ሰውነቱ ይደነግጣል፣ ግፊቱ ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ከሆነ ቀንም ከፍ እንዳለ ይቀራል። በስልክህ ቅረጸውና ለሐኪሙ አሳየው። ቶንሲሉም ይታይለት።

ተረኛ ያልሆነ ሐኪም

የሌሊት ተረኛ የጻፈችው ዋና ነገር ነው። ከ13 ዓመት ጀምሮ መስፈርቱ እንደ ትልቅ ሰው ስለሆነ 130/80 እና ከዚያ በላይ ግፊት ይባላል፤ በሌላ ቀንም እንዲሁ ከሆነ ማለት ነው። የላይኛው ቁጥር ብቻ ከፍ ማለቱ ከክብደት ጋር በሚመጣው ግፊት የተለመደ ነው። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል፣ የኢንሱሊኑ መጠን ሲጨምር ኩላሊት ጨው ይይዛል፣ ቧንቧ የሚያኮማትሩ ነርቮችም ይነቃሉ። በዘር መሆኑ እውነት ነው፣ ዕድሉን ይጨምራል። ዘሩን መቀየር አትችልም፤ ክብደቱን፣ እንቅልፉንና የሚጠጣውን ግን ትችላለህ። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን። ኢነርጂ ድሪንኩ ዛሬውኑ ይቁም፤ ካፌይኑ ግፊት ያወጣል፣ እንቅልፉን ይነሳዋል፣ ስኳሩ ክብደት ይጨምራል። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው ካለም ይታሰብበት፣ ጭሱ ለልጁም ይተርፈዋል።

ጋሼ ያሉት የጨው ነገር እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታው ነው። ክብደት ያላቸው ልጆች ለጨው ይበልጥ ስሱ ናቸው። ጨው ስንል ግን ከጨው ዕቃው የሚወጣውን ብቻ አይደለም፤ ቺፕሱ፣ የታሸገው ሥጋ፣ ፈጣኑ ኑድል፣ የሾርባው ዱቄት። የዓለም ጤና ድርጅት ለትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ለልጅ ከዚያም ያንሳል።

ፋርማሲስቷ

መድኃኒት ራሱ ግፊት ሊያወጣ እንደሚችል ማንም አላነሳውም፣ እኔ ላንሳ። የልጁን ግፊት ያወጣው የታዘዘለት ነገር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ለአስም ወይም ለኩላሊት ተብሎ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድ፣ በተለይ የሚዋጠው። ለታፈነ አፍንጫ የሚሰጥ ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት። ትኩረት ለማጣት ችግር የሚሰጡት አነቃቂዎች። በብዛት የሚወሰድ አይቡፕሮፌን፣ የሕመም ማስታገሻው። ለትልልቅ ሴት ልጆች ደግሞ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን፤ ይህን ለእናቷ ላትናገር ስለምትችል ለብቻዋ ብትጠየቅ ይሻላል። በሐኪም የታዘዘውን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ! ስቴሮይድ በድንገት ሲቆም አደገኛ ነው። ስሙን ጽፋችሁ ሂዱና አሳዩ።

አክስቷ

የሌሊት ተረኛ «ቀኝ ክንዱ» ያለችውን ሳነብ ነው የጻፍኩት። የእህቴ ልጅ ራስ ምታት ነበረባት፣ ስትሮጥ ደግሞ እግሬ ዛለ ትል ነበር። ሰነፍ ተባለች። አንዲት ወጣት ሐኪም ጭኗና ሆዷ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጣቷን አድርጋ ትርታ ፈለገች፣ አጣችው ማለት ይቻላል። ከዚያ እጇ ላይ ለካች፣ እግሯ ላይ ለካች። የእጇ በጣም ከፍተኛ፣ የእግሯ ዝቅተኛ። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ጠቦ ነው የተገኘው። ሲወለድ ጀምሮ የነበረ ነው።

የሌሊት ተረኛ

ቀኝ ክንድ የሚመረጠው ለዚሁ ነው፣ አክስቷ። መጥበቡ ብዙ ጊዜ ወደ ግራ እጅ የሚሄደው ቧንቧ አካባቢ ነው። በግራ ብትለኪ ዝቅ ብሎ «ደህና ነው» ሊያሰኝሽ ይችላል። በጤነኛ ሰው የእግር ግፊት ከእጅ ከ10 እስከ 20 ይበልጣል፤ ሲገለበጥ ነው ጉዱ። ልጅቷ ከተስተካከለላት በኋላም ክትትሏን እንዳታቋርጥ፣ ቧንቧው ተጠግኖም ግፊቱ ሊመለስ ይችላል።

የልጅ እናት

ከቀጠሮ መጣን። የልጅነት ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ካፉን ለካክተው ሌላ አመጡ፤ የመጀመሪያው ለክንዱ ጠባብ ነበር። አሁን 118/75 ሆነ። ወርዷል፣ ግን ለሱ አሁንም ከፍ ያለ ነው አሉኝ። እግሩም ላይ ለኩ፣ ደህና ነው። ሽንቱ ንጹህ ነው፣ የኩላሊቱን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬቲኒኑም ጥሩ። የኩላሊት አልትራሳውንድ ታዞለታል። ያ ለ24 ሰዓት የሚታሰረው መሣሪያም በሚቀጥለው ሳምንት ይደረግለታል። ኳሱን ግን ምን ላድርገው? እያለቀሰ ነው።

ተረኛ ያልሆነ ሐኪም

ይጫወት። በዚህ ቁጥር ኳስ አይከለከልም፣ እንዲያውም ይጠቅመዋል። ውድድር የምናስቆመው ግፊቱ ሁለተኛ ደረጃ ላይ፣ ማለትም ከፍተኛው ላይ፣ ሲደርስ ነው፣ እሱም እስኪስተካከል ብቻ። በመሃል ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ትውከት ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። የአልትራሳውንዱን ሐኪም የሁለቱንም ኩላሊት ርዝመት እንዲጽፍልሽ ጠይቂው። ጠባሳ ያለበት ኩላሊት ከሌላኛው ሊያንስ ይችላል፤ መጠኑ ሳይጻፍ «ደህና ነው» ብቻ የሚል ውጤት አይበቃንም።

የሌሊት ተረኛ

መሣሪያው በሚታሰርበት ቀን ጨዋታ ባይኖረው ይመረጣል። ሲነፋ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ዝም ይበል፣ ካንቀሳቀሰው ልኬቱ ይበላሻል፣ ደግሞ ይነፋል፣ ይናደዳል። የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት ጻፊው፤ የሌሊቱ ቁጥር ለብቻው ነው የሚነበበው። ገላውን ደግሞ አስቀድሞ ይታጠብ፣ ከታሰረ በኋላ ውኃ ማስነካት አይቻልም።